በጉሬዛ ካባ ምክንያት ካዛንቺስ የደረስኩበት ጉዞ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ነበር?» ይለኛል። «ደህና ነው፣ ከተማው ተለውጧል» ብዬ አልፋለሁ። ቆሞ የሚነገር ነገር አይደለማ። ብዙዎቻችሁ ደግሞ እንደኔ ከሀዋሳ ሐይቅ ዳር ርቃችሁ የማትሄዱ ናችሁ። ስለዚህ ከመነሻዬ እስከ መመለሻዬ የሆነውን በየዕለቱ ለይቼ ልጻፍላችሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ከወዲሁ ግን ላስጠንቅቃችሁ፤ ሙዚየም አላየሁም፣ ፓርክም አልጎበኘሁም። ስፈራ ነው የሰነበትኩት።

ልጄን ማህሌትን ታውቋታላችሁ። አዲስ አበባ፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ፣ ሊዲያ በምትባል ዲዛይነር ወርክሾፕ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ለአንድ የፋሽን ትርኢት ካባ እያዘጋጁ ሳለ አንገትጌውና ጠርዙ በጉሬዛ፣ በዚያ ጥቁርና ነጭ ጦጣ፣ ቆዳ ይለበጥ ተባለ። «ከድሮ ቤቶች የተሰበሰበ አሮጌ ምንጣፍ ነው» ብለዋቸዋል። ማህሌት የደረሳትን ቆዳ ገልብጣ ስታየው ጀርባው ገና አልደረቀም። ጨው ተጣብቆበታል፤ አንገቱ ላይ ቀዳዳ አለ። በቅርብ የተገደለ ነው። መቀሱን አስቀምጣ ሥራውን ለቀቀች። እሷና ጓደኞቿ ድሮም ለፋሽን ተብሎ በሚገፈፍ ፀጉርና በሚነጭ ላባ ላይ ዘመቻ ያካሂዱ ነበር። የቆዳውን ፎቶ ቲክቶክ ላይ ለጠፉት። ብዙ ሰው አየው። ከዚያ በኋላ ስልክ ይደወልላት ጀመር። «አጥፊው» ይላታል አንድ ወንድ፣ ሳይቆጣ። «ቤትሽን እናውቀዋለን።»

ይህን ስትነግረኝ ድምጿ እንደ ልጅነቷ ቀጥኖ ነበር። የሄድኩት ልጎበኛት ሳይሆን ይዣት ልመለስ ነው።

ረቡዕ

ሌሊት ሳይነጋጋ መናኸሪያ ደረስኩ። የአዲስ አበባን ብርድ ስለምፈራ ከቦንዳ ተራ የገዛሁትን ያበጠ ጃኬት ለብሻለሁ፤ ሻሸመኔ ሳንደርስ ላብ በላብ አደረገኝ። አርሲ ነገሌን፣ ባቱን፣ መቂን አለፍን። መንገዱ የተሻሻለ ነው፤ እኔ ግን ሹፌሩ በፈጠነ ቁጥር የወንበሩን ብረት ጭብጥ አደርጋለሁ። ሞጆ ስንደርስ የቆዳ ፋብሪካዎቹ ሽታ በመስኮት ገባ። ሌላ ጊዜ ሻሼን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ አልፈው ነበር። ያን ቀን ግን ያቺን ጨው የነካት ቆዳ አሰብኩና ሻሼን ሳላነሳ ቀረሁ።

ቃሊቲ ስወርድ ማህሌት በስልክ «እማዬ፣ ጎተራ ላይ ውረጂ፣ እዚያ እጠብቅሻለሁ» ብላኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ ሰው በላይ በላዬ ተደርቦ መስኮቱ ተጋረደብኝና ጎተራን ሳላየው አለፍኩት። ረዳቱን «ጎተራ!» ስለው «እማማ፣ ጎተራማ ቆየ እኮ» ብሎ ሳቀ። መጨረሻው መስቀል አደባባይ ሆነ። በእኛ ከተማ መንገድ ቢጠፋብሽ ወደ ሐይቁ ትወርጃለሽ፣ ሐይቁ መንገድ ያሳይሻል። እዚህ ሁሉም አቅጣጫ አንድ ነው። ማህሌት ደውላ «በቃ ወሎ ሰፈር፣ ሰፈሬ ነይ፤ እዚያ እጠብቅሻለሁ» አለችኝ። ከነሻንጣዬ እየጠየቅሁ ደምበል ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ አንዲት ተማሪ የቦሌ ታክሲ ውስጥ አስገባችኝ፤ ረዳቱንም «ወሎ ሰፈር አውርዳቸው፣ እንዳትረሳ» አለችልኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋት።

ማህሌት የተከራየችው ከአስፋልቱ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አከራይዋ ወይዘሮ ዘምዘም ይባላሉ፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ በዕድሜ እኩያዬ። ገና በሩን ሳልፍ ሻንጣዬን ነጥቀው «አብሽሩ፣ አብሽሩ፣ ቤትዎ ነው» አሉኝ። ጾም መሆኑን አውቀው ሽሮና ጎመን አዘጋጅተው ነበር። «ድስቱ አዲስ ነው፤ ሥጋ አልነካውም፣ የእኛም የእናንተም» አሉኝ። እኔ አፍሬ ሳልጠይቅ የምቀረውን ነገር ቀድመው መለሱልኝ።

ማታ ማህሌት ጃኬቴን ልትሰቅልልኝ ስትል ከስፌቱ ውስጥ አንዲት ነጭ ላባ ብቅ ብላ አየች። ጎትታ አወጣቻት።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የዝይ ላባ ነው።»

«ታዲያስ? ያሞቃል።»

«አንዳንድ ቦታ በሕይወት እያለች ነው የሚነጩአት። ማለቴ፣ ሁሉም አይደለም፣ ግን አለ። ሲያድግ መልሰው ይነጫሉ።»

«ማሂ፣ እኔ እኮ ለፋሲካ ዶሮ የምገነጥል ሴት ነኝ።»

«እሱን አላልኩሽም። ዶሮዋን አርደሽ ነው የምትነጪው፣ በቃ። ከነነፍሷ ነጭተሽ ወደ ቆጥ ትመልሻታለሽ?»

ጃኬቱን ግን አልጣልኩትም፤ ሌሊቱ ብርድ ነበር።

ሐሙስ

ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ ማህሌት ስልኳን ይዛ ወጣች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ስልኳን ስትሰጠኝ ራሴን አየሁት። ወሎ ሰፈር ከታክሲ ስወርድ፣ አንድ እግሬ መሬት፣ አንድ እግሬ ታክሲው ላይ፣ ሻንጣዬ ደረቴ ላይ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «እናትሽ በደህና ገብተዋል። እንኳን ደስ አለሽ።»

ስድብ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ያ ሰው በአክብሮት «ገብተዋል» ማለቱ ነው የባሰብኝ። የግቢው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። «ዕቃሽን አሁኑኑ ሸክፊ፤ ዛሬ ነው የምንሄደው» አልኳት።

«ቅዳሜ ነው ትርኢቱ፣ እማዬ። ከቅዳሜ በኋላ።»

«ፈሪ ለእናቱ ሲባል አልሰማሽም? አንቺ ለማን ልትሆኚ ነው?»

አለቀሰች፤ ግን አልሸከፈችም።

ወይዘሮ ዘምዘም ነገሩን ሲሰሙ በሩን ገርበብ አድርገው ወደ ውጭ አዩ። ከሱቁ አጠገብ አንድ ወጣት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ምናልባት ሰው የሚጠብቅ ምስኪን ይሆናል፤ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወይዘሮ ዘምዘም ምንም ሳይናገሩ ዱካቸውንና ምስር የሞላ ሰፌዳቸውን አወጡ። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው መሐሉ ላይ ተቀመጡና ፊት ለፊቱ እያዩት ምስር ይለቅሙ ጀመር። ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ለቀሙት። ልጁ እስኪሄድ ድረስ አልተነሱም። ሲገቡ በሩን ቆልፈው መቆለፉን ደግመው ደጋግመው ሞከሩት። ከዚያ በኋላ «እርስዎ» መባባላችንን ተውን።

ከሰዓት በኋላ ማህሌት ጓደኞቿን ለማግኘት ካዛንቺስ መሄድ ነበረባት። ብቻዋን ስለማልለቃት አብሬያት ሄድኩ። ካዛንቺስን የማውቀው በወጣትነቴ፣ አክስቴ ጋ ክረምት ስከርም ነው፤ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የተደገፈ፣ አንዱ ቤት ሽንኩርት ሲያቁላላ ሌላው ቤት የሚያስነጥስበት ሰፈር። አሁን አስፋልቱ እንደ ሜዳ ሰፍቷል። የብስክሌት መንገድ፣ ሣር፣ ከመሬት የሚወጣ መብራት። ያምራል፤ አያምርም አልልም። የአክስቴ ቤት የቱ ጋ እንደነበር ግን የምይዘው ምልክት አጣሁ። ደግሞ አንድ ነገር አስፈራኝ፤ ድሮ ሰው ቢከተልሽ የምትጠመዘዢበት ጉራንጉር ነበር፣ «ቤቶች!» ብለሽ የምትገቢበት በር ነበር። በዚያ ሰፊ መንገድ ላይ ግን እኔና ልጄ ከሩቅ እንታያለን።

ጓደኞቿ ልጆች ናቸው። አንዷ ፋርማሲ የምትሠራ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች። ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። የሰልፍ ፈቃድ እንደሌላቸው ያውቃሉ። ስለዚህ ሳይጮሁ፣ መፈክር ሳይዙ፣ ጥቁር ልብስ ለብሰው ትከሻቸው ላይ ነጭ ነጠላ ጣል አድርገው፣ እንደ ጉሬዛ ሆነው፣ የቆዳውን ፎቶ ይዘው ትርኢቱ የሚካሄድበት ሆቴል ፊት ለፊት ሊቆሙ ነው። «ይህ ብቻ?» አልኩ። «ይህ ብቻ» አለችኝ ፋርማሲስቷ። «እኛም ፈርተናል እኮ፣ ማዘር።»

ዓርብ

ሊዲያ ራሷ ደወለችና መስቀል ፍላወር አንድ ካፌ እንገናኝ አለች። ማህሌት «ወጥመድ ቢሆንስ?» አለችኝ። በቀን ነው፣ ሰው በሞላበት ነው ብለን ሄድን። ዓርብ ስለሆነ አስተናጋጁ ወተት የሌለው ማኪያቶ የሚባል ነገር አመጣልኝ፤ በአኩሪ አተር ነው አለኝ። ሀዋሳ ላይ ቢሆን ጥቁር ሻይ ነበር የምጠጣው። በፍርሃት ምላሴ ደርቆ ስለነበር ጣዕሙ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም።

ሊዲያን ክፉ ሴት አድርጌ ነበር የሳልኳት። የመጣችው ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ተቀምጣም በሩን በሩን የምታይ ልጅ ናት። ማህሌትን ሰላም ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ልጅዎትን ይምከሩልኝ። ፎቶውን ታጥፋ፣ ቅዳሜ እንዳይመጡ።»

«አንቺ ነሽ እንዴ የምታስፈራሪያት?» አልኳት። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ፤ ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ሰዎች ዞሩ።

«እኔ?» ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔማ መጀመሪያ አሮጌ ነው ተብዬ ነው የተቀበልኩት። ሁለተኛው ሲመጣ ሳየው አወቅሁ። መልሰህ ውሰድ ስለው ቆዳውን የሚያመጣው ሰውዬ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? የእህቴን ልጅ ትምህርት ቤት ስም ጠራልኝ። በቃ ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላለም።»

ማህሌት ቀስ ብላ «ሊዱ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት።

«ነግሬሽ ምን ልትሠሪ? አንቺ ቲክቶክ ላይ ነሽ። እኔ ስሜ በሩ ላይ ተጽፏል።»

ስንለያይ ጃኬቴን ነካ አድርጋ «ይሙቅዎት፤ ከተማው በርዷል» አለችኝ። ልትስመኝ ፈልጋ ተወችው። በመንገድ ላይ ማህሌትን እንደገና ለመንኳት። «ሰምተሻል፤ ይሄ ሰው ልጅ አይምርም።» እሷ ግን እየሰማችኝ አልነበረም። «እሷንም ይዟታል» ትላለች ለራሷ። «እሷንም ይዟታል።»

ማታ ለዘምዘም ነገርኳት። «ልጅሽን እግሯን አስረሽ አታስቀሪያትም» አለችኝ። «ብትሄድ አብረሻት ሂጂ። እዚህ ቁጭ ብለሽ ሰዓት ስታዪ ከምታልቂ።» እኔም የፈራሁት እሱን ነበር፤ ቁጭ ብሎ መጠበቁን። ጥቁር ቀሚስ ስላልነበረኝ የራሷን አውጥታ አለበሰችኝ። ሰፋኝ፤ ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ያዘችልኝ።

ቅዳሜ

ምሳ አልወረደልኝም። ከሰዓት በኋላ ካዛንቺስ ሆቴሉ ፊት ለፊት ባለው እግረኛ መንገድ ላይ ቆምን። እፍኝ የማንሞላ ሰዎች ነን። መኪናዎች እየቆሙ እንግዶች ይወርዳሉ። አንዳንዱ ፎቶዎቹን አይቶ ፊቱን ያዞራል፤ አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸናል። አንዲት ዘናጭ ሴት ቀረብ ብላ አይታ «ይሄ እውነት እዚህ ውስጥ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ማህሌት «አዎ» ስትላት ወደ መኪናዋ ተመለሰች። እኔ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ የነጠላዬን ጫፍ እጠቀልላለሁ።

ከዚያ አንድ ሰውዬ ከጎኔ መጥቶ ቆመ። ሸምገል ያለ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ የሽቶ ሽታ ያለው። ዘመድ ሊመስላችሁ ይችላል። ጎንበስ ብሎ በቀስታ ተናገረኝ።

«እማማ፣ ጉዞው እንዴት ነበር? ሀዋሳ ሞቃት ነው፤ እዚህ ይበርድዎታል። ልጅዎትን ይዘው ቢገቡ አይሻልም?»

ከሀዋሳ መምጣቴን ማን ነገረው? መጮህ ፈለግሁ። ማህሌት ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር የምታየው። እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም፣ ግን ከአፌ የወጣው ጥያቄ ነበር። አስተማሪ ሳለሁ አርፍዶ የመጣ ልጅ በር ላይ ይዤ እንደምጠይቀው።

«ስምህ ማን ነው?»

ተሰነጣጥቆ ነው የወጣው ድምፄ፤ ግን ጮክ ብሏል። ሁሉም ዞረ። ሰውዬው ፈገግ አለ። ለኔ ሳይመልስ በሰልፉ መሐል አልፎ ሄደ። ቀና ስል ሊዲያ ሆቴሉ በር ላይ ቆማ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

ጥበቃዎቹ መጡ፤ «ፈቃድ አላችሁ?» አሉ። ቀጥሎ የፖሊስ ፒካፕ መጣ። አልመቱንም፣ አልሰደቡንም። ግን በዚህ ዕድሜዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት አስተምሬ፣ ከነሰፊ ቀሚሴ ፒካፕ ላይ ሲያወጡኝ አንዱ ፖሊስ ክንዴን ደግፎኝ ነበርና በዚያ ደግነቱ አለቀስኩ። ማህሌት እጄን ይዛ ነበር።

ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡን። መርማሪው ወጣት ነው። በየተራ ጠየቀን።

«እርስዎስ እናት፣ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«ልጄ ናት።»

«ጉዳዩስ ምንድን ነው?»

«ጉሬዛ።»

ሌላው ፖሊስ ሳቀ። «ጉሬዛ? ዝንጀሮው?» ሁለቱም ሳቁ። ያን ሳቅ ስሰማ ከሰውየው ቃል ይበልጥ ፈራሁ። እዚህ ማንም የማያምነን ከሆነ ወዴት እንሄዳለን ብዬ። በእኛ ከተማ ጉሬዛ በዛፉ ላይ ጅራቱን ለቆ ሲቀመጥ እናቴ «መነኩሴው» ትለው ነበር፤ ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩበት ትቆጣለች። ይህን ልነግራቸው አሰብኩና ለፖሊስ የሚነገር ስላልመሰለኝ ተውኩት።

ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። በሩ ተከፈተና ሊዲያ ገባች። ለትርኢቱ የተኳለችው ኩል በጉንጯ ወርዷል። በሁለት እጇ ትልቅ ማዳበሪያ ታቅፋለች። ወደ ማንም ሳታይ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ካባዎቹ ናቸው፤ ጠርዛቸው ተቀዷል፣ ክሩ ተንጠልጥሏል። ከሥራቸው ያልተሰፉት ቆዳዎች ነበሩ፤ ረጅሙ ነጭ ፀጉር ከጥቁሩ ጋር ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተንጠለጠለ። አንዷ ቆዳ ትንሽ ናት። ግልገል ናት። ክፍሉ ሸተተ። ቀድሞ የሳቀው ፖሊስ ኮፍያውን አወለቀ።

«ሞዴሎቹ ያለ ካባ ነው የወጡት» አለች ሊዲያ። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ቆዳውን የሚያመጣውን ሰው ስም እናገራለሁ። ልጅ እንዳለን ያውቃል፤ ትምህርት ቤቱን ያውቃል። ጻፉልኝ፣ ፈርቼ ሳልተወው ጻፉልኝ።»

ጻፉላት። ስትጨርስ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «እርስዎን ሲያናግር ከበሩ ሆኜ አየሁት» አለችኝ። «እናቴን መሰሉኝ።» ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለችው፤ ከባድ ነበር።

ሳይጨልም ለቀቁን። ውጭ ዘምዘም ፔርሙዝና ጋቢ ይዛ ጥበቃው አጠገብ ቆማለች። ማህሌት ከፒካፑ ላይ ደውላላት ነበር፤ እኛ ከገባን ብዙም ሳይቆይ መጥታ እንደቆመች ጥበቃው ነገረን። ሊዲያን አይታ ማን እንደሆነች አልጠየቀችም። ጋቢውን በሁለታቸው ላይ፣ በሊዲያና በማህሌት ላይ፣ አለበሰችውና «ነይ፣ ቤት አለ» አለች። ሊዲያ ያን ምሽት ወሎ ሰፈር፣ ከዘምዘም ሴት ልጆች ጋር ነው ያደረችው። እህቷም ልጇን ይዛ ወደ ዘመድ ሄደች።

እሁድ

መልካም ወሬ ጽፌ ብጨርስላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ፖሊሶቹ የሰውየው መጋዘን ነው ብለው የሄዱበትን ቤት ተዘግቶ አገኙት። ይህን እስክጽፍ ድረስ አልተያዘም። ጉዳዩ ግን ተከፍቷል፤ ሊዲያና ማህሌት ምስክር ናቸው፤ በተጠሩ ቁጥር ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ስልኩም አሁን ዝም ብሏል። ዝምታውም ያስፈራኛል።

ጠዋት ቅዳሴ ሰምቼ ቃሊቲ መናኸሪያ ሄድኩ። ማህሌት ሻንጣዬን ይዛልኝ ነበር። እሷ ሳታየኝ ሁለት ትኬት ቆረጥኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ ዕቃዬን ሰቅላልኝ ስትዞር ሁለቱንም ትኬቶች እጄ ላይ አየቻቸው። መስኮት ጋ ባለው ወንበር አጠገቤ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አደረገች። ሞተሩ እስኪነሳ እንዲሁ ተቀመጥን። እኔ በሆዴ «ተኚ፣ በቃ ተኚ፣ ሞጆ ላይ ትነቂያለሽ» እላለሁ።

ሞተሩ ሲነሳ ቀና አለች። «እማዬ፣ ሊዱ ብቻዋን ናት» አለችኝ። ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝና ወረደች። ያዝኳት ልላችሁ አልችልም። እጄ ግን ቀሚሷን ትንሽ ቆይቶ ነው የለቀቀው።

አውቶቡሱ ሲወጣ ረዳቱ ትኬት እያየ ከኔ ዘንድ ደረሰ። ባዶውን ወንበር አየ፣ እጄ ላይ ያለውን አየ።

«እማማ፣ የዚህ ወንበር ሰው የታለ?»

«ልጄ ናት» አልኩት። «ቀረች። ሥራ አላት።»